የማጉያው ዋስ

አባቴ በቅሎ ሲያይ አይናገርም ነበር። በመቱ የገበያ ቀን ገዢው ከሁሩሙም ይምጣ ከዳሪሙ፣ ከሻጭ ጋር ዋጋ ከመጀመሩ በፊት እርሱን ፈልጎ ያስጠራል። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ፣ በትሩን ይዞ ይመጣና በቅሎዋን በቀስታ ይዞራታል። ጥርሷን ያያል፤ ጆሮዋን በጣቱ ይነካል፤ በሆዷና በጎኗ እጁን ሰዶ የተተኮሰችበት ጠባሳ ይፈልጋል። በእኛ አገር የታመመ ከብት በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ስለዚህ ጠባሳ ያለባት በቅሎ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታማ ነበር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል ያስኬዳታል። ካልወደዳት በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ከወደዳት ገመዷን ይይዛል።

ገመዱን ከያዘ አበቃ። የሚቀረው ዋስ መጥራት ብቻ ነው። ሻጩ "ክፉ ዐመልም ሆነ ስውር በሽታ የለባትም፤ ቢገኝባት እኔ እክሳለሁ" የሚል አንድ ሰው ያቆማል፤ አባቴ የዋሱን እጅ ይጨብጣል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ድካሙ ምንም አይቀበልም ነበር። እንጀራው የፍርድ ቤት ጸሐፊነቱ ነው። ከገበያ ይዞት የሚመለሰው ስሙን ብቻ ነበር፤ ስሙ ደግሞ ከጎሬ እስከ ያዮ ይታወቃል። ሰው ስለማይጠረጠር ነገር ሲያወራ "እሳቸው ገመዱን የያዙት ነው" ይል ነበር። ያ ስም ሲወድቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ላቆመው የምችልበትም አንድ ቀን ነበረኝ።

በዚያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መቱ ውስጥ ሕፃናትን ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና በዓል ሲሆን በከተማው ወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። አባቴ ቤዝ ምን እንደሆነ ጨርሶ አልገባውም። "አራት ክር ብቻ? ስድስቱ አልደረሳችሁም?" ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ቤዝ ያለ ድምፅ ማጉያ እንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነው፤ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማውም። እኛም የመጀመሪያውን ማጉያ የከተማው የቡና ነጋዴዎች ባዋጡት ገንዘብ፣ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል፣ ያገለገለ፣ ሳናየው አስመጣን። በሦስተኛው ሳምንት ዝም አለ። ከተማው ሲስቅብን ከረመ፤ እኔ ጊታሬን ይዤ መድረክ ላይ ስቆም "ዛሬ ለዓይን ነው ለጆሮ?" የሚሉኝ ነበሩ።

የቡና ነጋዴዎቹ አዝነውልን ለሁለተኛ ጊዜ አዋጡ። በዚህ ጊዜ ግን አዳራሽ ውስጥ ስንሰበሰብ የቡድኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ወፍራምና ሳቂታ የቡና ነጋዴ፣ እጁን አነሣና "ልጆች አይሄዱም" አለ። "ማጉያም ሆነ በቅሎ ዕቃ ዕቃ ነው። ተታሎ የማያውቅ ሰው አለን፤ እሳቸው ይሂዱልን።" አዳራሹ ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ።

አባቴ ተነሥቶ የተናገረው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። "እኔ የማውቀው ነፍስ ያለውን ነው" አለ። "ይኼ የሚተነፍስ አይደለም። ይቅርብኝ።" እውነቱ ያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተነገረው ሁሉ ይሉኝታ ነው። ለመኑት፣ አሞገሱት፣ የሚመለስበት መንገድ አሳጡት። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ አባቴ ስለተከበረልኝ ደስ ብሎኝ ፈገግ ስል ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ቴሌግራፍ ቤት የሚሠራውን ሰው አማከርኩ። በትርፍ ጊዜው የከተማውን ራዲዮ ሁሉ የሚጠግነው እርሱ ነበር፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገር ካቻቢቴውን እንደ መምህር በትር የሚያወዛውዝ። "ድምፁን ከመስማትህ በፊት መለዋወጫውን ጠይቅ" አለኝ። "አዲስ አበባ ያሉት ሙዚቀኞች የሚይዙትን ግዛ። ለብቻው የመጣ ነገር ለብቻው ነው የሚሞተው። የኛ ሞተር ደግሞ መፈልፈያው በቆመ ቁጥር ኃይሉ ይዘላል፤ ይህን የሚችል መሆኑን ሳታረጋግጥ ገመድ እንዳትይዝ።" የከተማው መብራትና የቡና መፈልፈያው ባንድ ሞተር ነበር የሚሠሩት። ማታ ማታ መፈልፈያው ሲዘጋ አምፑሉ ሁሉ አንዴ ቦግ ይላል፤ እኛ ለምደነዋል። ያለኝን ሁሉ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፌ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔና ያ ወረቀት አልለቀቅንም።

ፋሲካ እንዳለፈ በቡና መኪና ሄድን። አባቴ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና፣ እኔ ከላይ ጆንያው ላይ። የያዮን ጫካ አልፈን፣ ጌባን ተሻግረን በደሌ አደርን፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባን። አባቴ መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ እንደነበር ሹፌሩ ነገረኝ። ፈርቶ እንደነበር ዛሬ ነው የገባኝ።

ፒያሳ የነበረው ሱቅ ባለቤት ነጭ ፀጉር ያለው የውጭ አገር ሰው ነበር። ዕቃውን የሚያሳየውና ጓዳ ሆኖ የሚጠግነው ግን የእኛው ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጣቶቹ በብየዳ ስታኞ የተቃጠሉ፣ ትሑት ሰው። ለቤዝ የሚሆኑ ሁለት ማጉያዎች ነበሩት። አንደኛው ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ ለሙከራ ሲያወጡትና ሲያገቡት የከረመ ነው። ሁለተኛው ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ጥቁር፣ ፊቱ ብርማ፣ ከመጣበት ሣጥን ገና መውጣቱ ነው። ባለቤቱ ለአባቴ ሻይ ሲያስመጣ እኔ ጠጋኙን በሹክሹክታ "የየትኛው መለዋወጫ ይገኛል?" አልኩት።

"የዚህች" አለኝ የተፋቀውን እየነካ። "ከተማው ውስጥ ያሉት ባንዶች አብዛኞቹ ይህችን ነው የያዙት። እናንተ ጋር ያለ የራዲዮ ጠጋኝ እንኳ ይከፍታታል። መብራት ከፍ ዝቅ ቢል የምታዞርበት ማብሪያ ከኋላዋ አለ። የዚያኛው ድምፅ ሌላ ነው፤ ግን አገር ውስጥ አንድ እርሱ ብቻ ነው ያለው። ቢበላሽ ዕቃው ከባሕር ማዶ ነው የሚታዘዘው። የመርከብ መተላለፊያው ቦይ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ መርከብ አፍሪካን ዞሮ ነው የሚመጣው።" ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ቃል በቃል የተመለሰ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ ይህንኑ ለአባቴ መንገር።

አባቴ ሻይውን ጠጥቶ ተነሣ። የተፋቀውን ማጉያ በቀስታ ዞረው። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን አየ፤ በጣቱ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካ። የብሎኖቹ ራስ በካቻቢቴ ብዛት ተበልቷል።

"ይኼ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል" አለ።

"አዎ አባባ፣ በቀላሉ ይከፈታል" አለ ጠጋኙ ደስ ብሎት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው አሳየው፤ እስከ ጣሪያ ድረስ በትናንሽ ካርቶን የተሞላ ነው። "ያ ሁሉ የርሷ መለዋወጫ ነው። የጎደለ ነገር የለንም።"

አባቴ መደርደሪያውን ከታች እስከ ላይ ተመለከተ። ፊቱን ሳየው ምን እያሰበ እንደሆነ አወቅሁ፤ ልጁ አይደለሁ? ያየው ጠባሳ ነበር። ደጋግማ ታማ ደጋግማ የተተኮሰች በቅሎ፣ ከኋላዋም ለነገ በሽታዋ የተከማቸ መድኃኒት። በትሩን የሱቁ ወለል ላይ ተከለና ፊቱን አዞረ።

ወደ ትልቁ ሄደ። "ይህስ? ተከፍቶ ያውቃል?"

"አያውቅም አባባ። እንደሱ ያለ ሌላ የለንም፤ አገር ውስጥም የለም።" ሰውየው ይህን ያለው ሊያስጠነቅቀው ነበር። አባቴ የሰማው ግን የምስጋና ቃል ነው፤ አቻ የሌላት፣ እጅ ያልነካት፣ ጠባሳ የሌለባት።

"አስኪዱት" አለ። ሃያ እርምጃ መሆኑ ነው። ሳቅ አፈነኝ፤ ጊታር ሰጡኝና ሰካሁ። አንዱን ወፍራም ክር ነካሁት።

እዚህ ላይ ራሴን አላሳምርም። በአባቴ ፊት ዝም ያልኩት በአክብሮት ነው ብዬ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። በባዕድ ሰው ፊት አባትን "ተሳስተዋል" ማለት እኔ ባደግኩበት ቤት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ሌላው ግማሽ ግን ያ ድምፅ ነው። ከወለሉ ተነሥቶ በእግሬ በኩል ደረቴ ውስጥ ገባ። እንደዚያ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አባቴ ቢሳሳትም ስሕተቱ የተመቸኝ ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ሰድጄ ወረቀቱን ጨበጥኩት፤ አላወጣሁትም። ጠጋኙ አየኝ፤ ትናገራለህ ብሎ ጠበቀ፤ እኔ ወደ ጊታሩ አቀረቀርኩ።

አባቴ ጎንበስ አለና የማጉያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ያዘ።

"ዋሱ ማነው?" አለ።

ባለቤቱ የስድስት ወር ዋስትና የሚል የታተመ ወረቀት አምጥቶ ሰጠው። አባቴ ግራና ቀኙን አይቶ መለሰለት። "ወረቀት ሲጠሩት አይመጣም" አለ። "እኛ ያለንበት ሩቅ ነው። ሰው ስጡኝ።"

ባለቤቱ ሳቀ። ጠጋኙ ግን አልሳቀም። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወደፊት መጣ። "እኔ ልሁን አባባ" አለ። "መለዋወጫ የለውም፤ ይህን እወቁልኝ። ግን ብትጠሩኝ እኔ እመጣለሁ።" አባቴ እጁን ጨበጠው። እኔ በዚያች ደቂቃ እንኳ ልናገር እችል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት ያማሩ ነበሩ! በግንቦት ወር በሁለት ሰርጎች ላይ ተጫወትን። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚው ወንበር ይንቀጠቀጣል፤ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ይሮጣሉ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ቆሞ በትሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ በበትሩ በኩል የሚመጣውን መንዘር በእጁ ያዳምጥ ነበር። ሰው እያለፈ ትከሻውን ይነካዋል፤ "ዓይንዎን አይንሳን" ይለዋል። ቤት ስንገባ "ለካ ሥራህ ይህ ኖሯል" አለኝ። ስለ ሙዚቃዬ ያለኝ ይህን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሰርግ የሊቀ መንበሩ ልጅ የተዳረበት ነበር። ሰኔ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። መፈልፈያው ሊዘጋ ሲል ማጉያውን እናጠፋ ነበር፤ ይህን እንኳ በደንብ ይዘን ነበር። በዚያን ቀን ግን የመፈልፈያው ሠራተኞች ሰርግ ለመብላት ፈልገው ከሰዓታቸው በፊት ዘጉ። ፀሐይ ገና መግባቷ ነበር። አምፑሎቹ ነጭ ሆኑ፤ ሙሽሮቹ ቀና ብለው አዩ፤ ከማጉያው ጀርባ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ወጣ። ጣቴ ክሩ ላይ ነው፤ ድምፅ የለም።

ሴቶቹ ከበሮ አነሡ፤ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሰርጉ ያለኛ ደምቆ አለፈ። ማንም አልተቆጣንም። አባቴ ብቻ ሰው ሲበላ ሳይበላ ማጉያው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ የቴሌግራፍ ቤቱ ሰው መጥቶ ከፈተው። አባቴና ሊቀ መንበሩ አጠገቡ ቆመዋል። ሰውየው ውስጡን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ ትራንስፎርመሩ የሚባለው ከባድ ብረት ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ጠቁሮ ተጣብቋል። ቁጣውን መያዝ አያውቅም። "ባንዶቹ የሚይዙት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ዕቃው በሚቀጥለው መኪና ይመጣ ነበር፤ እኔው እቀይረው ነበር" አለ። "ይህን ማን መረጠው?"

ሊቀ መንበሩ ጫማውን አየ። አባቴ "እኔ ነኝ" አለ፤ ቀጥሎም "ዋስ አለን" አለ።

ቴሌግራሙን ራሱ አጻፈ። "ማጉያው ታሟል። ዋስ ነህና ና።" መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ ዕቃው ከውጭ አገር ታዟል፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እኔ ግን እመጣለሁ የሚል ነው። ከዚያ ዝናቡ ገባ። ክረምት እኛ ጋ መንገድ የለም። መኪና ጭቃ ውስጥ ሳምንት ይቆማል፤ ጌባ ሲሞላ ከዚህም ከዚያም የመጣ ሰው ዳርና ዳር ሆኖ ይተያያል። ሐምሌ አለቀ። የስድስት ወሩ ወረቀት ቢኖረን ኖሮ እንኳ ማጉያውን ተሸክሞ የሚወጣ አልነበረም። አባቴ በየማለዳው ከቢሮው በፊት መናኸሪያ ደርሶ ይመለስ ነበር። "ይመጣል" ይለኛል፤ እኔ "አዎ አባባ" እለዋለሁ።

እውነትም መጣ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በዶፍ ዝናብ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለስኖ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን በሸራ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ደጃችን ቆመ። የተሳፈረበት መኪና ያዮ ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው የመጣው። ባለሱቁ ፈቃድ ሲከለክለው ሥራውን ትቶ እንደመጣ ያወቅነው በኋላ ነው። እናቴ እግሩን አጠበችው። አባቴ ሲያየው እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም፤ በሩ ላይ ይዞት "አላልኩም? ሰው ነው የሚመጣው አላልኩም?" እያለ ወደ እኔ ይዞር ነበር።

በረንዳችን ላይ ሦስት ቀን ሠራ። የተቃጠለውን ሽቦ ዙር እየቆጠረ ፈታው፤ ይዞት የመጣውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ መልሶ በእጁ ይጠቀልል ጀመር። በሺህ የሚቆጠር ዙር ነው። አባቴ ቢሮ አልሄደም። ከፊቱ ዱካ ላይ ተቀምጦ የሽቦውን ጥቅል በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ይፈታለታል። ሽቦው በጣቶቹ መካከል ያልፋል፤ ትንፋሹን ይዞ ያየዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ለእኔ የሚሆን ሥራ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ እየጠቀለለ፣ ወሬ ለመጫወት ያህል፣ ያለ ምንም ተንኮል "ያኔ ልጅዎ ስለ መለዋወጫው ሲጠይቀኝ፣ ያችን የተፋቀችውን እንደምትወስዱ ነበር የገመትኩት" አለ። "እርሷን ነበር የመከርኩት።"

የአባቴ እጅ ቆመ። ሽቦው ተወጠረ። ጠጋኙ "ልቀቁልኝ አባባ" አለ። አባቴ ወደ እኔ ቀና አለ፤ ከዚያ እንደገና ጥቅሉን ይፈታለት ጀመር። በዚያች ሰዓት በበትሩ ቢመታኝ እወድ ነበር። ጮኾ ቢሰድበኝ፣ ከቤት ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ተረት ክፍል ውስጥ ለልጆች እተርት ነበር፤ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መብራት እንደመጣ ሰካነው። ሊቀ መንበሩም የቴሌግራፍ ቤቱ ሰውም መጥተዋል። ጊታሬን አንሥቼ አንድ ክር ነካሁ። ድምፁ መጣ፤ ያው ድምፅ፤ በረንዳው ተንቀጠቀጠ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እስከ አሥር እንኳ ሳይቆጠር ሽታው መጣ፤ ጠጋኙ ገመዱን ነቀለው። እንደገና ከፈተ፤ እጁ ውስጡ ሆኖ ብዙ ቆየ። "ሽቦው ብቻ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ብረቱም ተጎድቷል። እኔ አልችለውም አባባ። ዕቃው ካልመጣ ማንም አይችለውም።" ዕቃው ዓመትም ቆይቶ አልመጣም።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ጠጋኙ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና በሁለት እጁ ለአባቴ ዘረጋለት። "ዋስ ነኝ" አለ። "ያለኝ ይኸው ነው። የቀረውን እየሠራሁ እክሳለሁ።" ጣቶቹ በሽቦው ተቆራርጠው ነበር።

አባቴ የሰውየውን ጣቶች በሰዓቱ ላይ መልሶ አጠፋቸው። የፍርድ ቤት ሰው ነበርና ሲፈርድ ድምፁ ይረጋ ነበር። "ዋስ የሚክሰው ሻጭ ሲዋሽ ነው" አለ። "እናንተ አልዋሻችሁም። ነገራችሁኝ፤ መለዋወጫ የለውም አላችሁኝ። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። እናንተ የቆማችሁት ስሙልኝ፤ በፊታችሁ ከዋስነቱ አውርጄዋለሁ።" ሊቀ መንበሩና የቴሌግራፍ ቤቱ ሰው ምስክር ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ። ጠጋኙ አለቀሰ። ያልዋሸ፣ የመጣ፣ የደከመ ሰው ነው፤ ሁሉም ሰው ያለበትን አድርጓል፤ ማጉያው ግን ሞቷል። የእኔን ስም አባቴ አላነሣም። ያ ፍርድ እኔንም ነጻ ያወጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አላወጣኝም።

ጠጋኙ ዝናቡ ጋብ ሲል ሄደ። ማጉያው በረንዳችን ላይ ቀረ፤ እናቴ በርበሬ ማስጫ አደረገችው። ከተማው ክፉ አልነበረም፤ በአባቴ ፊት ማንም አልቀለደም። በገበያ ግን የሚያስጠሩት ሰዎች እያነሱ መጡ። ከኋላው ሲያወሩ ደግሞ "ገመድ እንዳይዙ" የሚል ሳቅ ሰምቻለሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ከዳሪሙ የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤታችን ድረስ መጣ። ወሬው ያልደረሰው ሰው ነበር፤ አባቴ ከዓመታት በፊት አንድ በቅሎ መርጦለት አሁንም ያመሰግነዋል። "አካም ቡልተን፣ ኦቦ?" አለ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዴት እንዳደረ ሲጠይቀው፤ ቀጥሎ በአማርኛ "ልጄን ልድር ነው፤ ለሙሽራዋ መጓዣ የምትሆን ጋንጌ፣ በቅሎ፣ አግኝቻለሁ። እርስዎ ሳያዩልኝ አልገዛም" አለው። አባቴ ካፖርቱን ደረበ። ወደ በሩ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞሮ "ና" አለኝ። ከዚያ በፊት በቅሎ ሊያይ ሲሄድ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

በቅሎዋ ዳማ ነበረች፤ ለእኔ ለመሃይሙ እንኳ ታምራለች። አባቴ እንደ ጥንቱ በቀስታ ዞራት። ጥርሷን አየ። ጆሮዋን ነካ። እጁን በሆዷ ሰደደ፤ አውጥቶ እንደገና ሰደደ። ሃያ እርምጃ አስኬዳት። እንደገና ሃያ እርምጃ አስኬዳት። ገበሬው ፈገግ ብሎ የገመዱን ጫፍ ወደ አባቴ ዘረጋ፤ ሻጩም ዋሱን ለመጥራት እጁን ከፍ አድርጓል።

አባቴ ገመዱን አልያዘም፤ በትሩንም አልተከለም። ወደ እኔ ዞረ። በሰው ፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"አንተ ምን ትላለህ?"

መቀለዱ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው አልነበረም። ያ ጥርስ አይቶ ዕድሜ የሚናገር ሰው፣ ከፊቱ ያለችውን በቅሎ ማመን አቅቶት እኔን ይጠብቅ ነበር። በሕይወቴ ስለ በቅሎ የማውቀው እርሱ የነገረኝን እንኳ አይደለም፤ አልነገረኝማ። "እኔ... አባባ፣ እኔ..." አልኩ።

ክንዴን ያዘኝ። "ዛሬ እንኳ የምታውቀውን ንገረኝ" አለ።

ምንም አላውቅም ነበር። አባቴ ጠበቀኝ፤ ገበሬውም ገመዱን እንደዘረጋ ጠበቀ፤ አንዴ እርሱን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ እጁ ደክሞት ገመዱን ሰበሰበና "ገላቶማ" ብሎ አመስግኖ፣ ሻጩን አስከትሎ በቅሎዋን እየሳበ ሌላ ሰው ሊፈልግ ሄደ።